ኪስ የሚገባ ትልቅ ስልክ

እናቴ የግራ ዓይኗን ሞራ የተገፈፈችው መስከረም ሃያ አራት ቀን ነው። ወንድሜ ቂርቆስ ጁባ ላይ የሞተው መስከረም ሃያ ስምንት ቀን ነው።

በሁለቱ መካከል ያሉት ቀናት በቤታችን የመጨረሻዎቹ የደስታ ቀናት ነበሩ። እናቴ አያት ኮንዶሚኒየም ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ቆማ፣ በማዶው ሕንፃ የተሰጣውን ልብስ ቀለም በየተራ ትነግረኝ ነበር። ለዓመታት አረንጓዴ ይመስላት የነበረው መጋረጃችን ሰማያዊ መሆኑን ስታይ "ስንት ነገር ደብቀሽኛል" ብላ ሳቀችብኝ።

መስከረም ሃያ ዘጠኝ ጠዋት አጎቴ ገብረኣብ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጥተው ወደ ግቢው አስጠሩኝ። ቂርቆስ ጁባ ከተማ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ከከፈተ ስድስት ዓመቱ ነበር። በወባ ሦስት ቀን ታሞ ሞተ፤ እዚያው ያሉ ያገሩ ልጆች ቀበሩት። አጎቴ ይህን ከነገሩኝ በኋላ "እናትሽ እንዳትሰማ" አሉኝ። ለመጽናኛ የሰጡኝ ቃል ይኸው ብቻ ነበር።

በእኛ ወግ እንዲህ ያለው ነገር በስልክ አይነገርም፤ አንድ ሰው ብቻውንም አይናገረውም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ንጋት ላይ፣ የቤቱ ሰው እህል ሳይቀምስ በር ያንኳኳሉ። በዚያ ሰዓት በሩ ሲንኳኳ እናት ቃል ሳትሰማ ታውቃለች። የእናቴ በር ግን በማግስቱ አልተንኳኳም። አጎቴ ላምበረት ባለው ቤታቸው ዘመድ ሰብስበው፣ ሐኪሙ የሰጠንን ወረቀት እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ለስድስት ሳምንት አትጎንበስ፤ ከባድ ነገር አታንሣ፤ ዓይኗን በእጇ አትንካ ይላል።

"ማልቀስ የሚል የለበትም" አልኩ።

"የእኛ ለቅሶ ምንድን ነውና፣ ልጄ" አሉ አጎቴ። "መጎንበስ ነው፤ ፊትን በእጅ መያዝ ነው፤ መሬት መውደቅ ነው። ሰውየው ስሙን አልጠራውም እንጂ ከልክሎታል።"

መርዶው ለኅዳር ሰባት ተቀጠረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁር እንዳልለብስ፣ ጸጉሬንም ሳልሠራ እንዳልተወው ተነገረኝ። የአጎቴ ሚስት አበባ ያለበት ቀሚስ ገዝታ አመጣችልኝ። መሥሪያ ቤት ውዬ ወደ ቤት ስመለስ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ባለው ደረጃ ላይ ትንሽ እቀመጥና ፊቴን አስተካክዬ እገባለሁ። የሕንፃው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ዕድሩም ያውቅ ነበር። የሐዘኑ ባለቤት ብቻ አታውቅም ነበር። ጎረቤቶች ዓይኗን ለመጠየቅ በሚል በየቀኑ ይመጡ ጀመር፤ ዓይናቸው ቀልቶ ይገባሉ፣ እጇን ከወትሮው አጥብቀው ይጨብጣሉ፣ ብዙ ሳይናገሩ ይወጣሉ።

"ለአንድ ዓይን ይህን ያህል ሰው ከመጣ" አለች እናቴ አንድ ቀን፣ "የቀኙን ሳሠራ ድንኳን ሳያስፈልገን አይቀርም።"

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳቁ።

ቂርቆስ እሑድ እሑድ፣ እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ በእኔ ስልክ በቪዲዮ ይደውል ነበር። የእናቴ ስልክ ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ ስለሆነ ፊት አያሳይም። ዓይኗ በተሠራ በሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን "ትንሽ አሞኛል፣ በሚቀጥለው እንተያያለን" የሚል አጭር ጽሑፍ ላከ እንጂ አልደወለም። ስለዚህ እናቴ በተሠራው ዓይኗ አንድም ጊዜ አላየችውም።

የሚቀጥለውን እሑድ በኔትወርክ አሳበብኩ። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ የማሳብብበት ነገር ስላጣሁ የወንድሜን መልእክት ራሴ ጻፍኩ። ሥራዬ የሌሎችን ጽሑፍ ማረም ነው፤ እንጀራዬን የምበላው ቃል በመምረጥ ነው። እናታችንን የምንጠራት አደይ ብለን ነው፤ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ "አደይ፣ ደህና ነኝ። የስልኬ ስክሪን ተሰብሮብኛል፤ እዚህ የሚሠራው ሰው አልተገኘም። እስከዚያ በሰው ስልክ እጽፍልሻለሁ። ዓይንሽን ጠብቂ።" ይህን ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ሳሎን ገብቼ አነበብኩላት። "በሰው ስልክ" የምትለዋን ባልጨምር ኖሮ፣ ስክሪኑ ከተሰበረ በምን ጻፈው ብላ እንደምትጠይቀኝ ገምቼ ነበር። ሁሉንም የገመትኩ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጥቅምት አሥራ ሰባት ቀን ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጥቁሩን የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጋ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

"ስልክ እንግዛ" አለች። "ትልቅ። የሰው ፊት በሙሉ የሚታይበት።"

ለራሷ መስሎኝ ደስ አለኝ። ዓይኗ ሥራ ፈልጓል ብዬ አሰብኩ። ከአያት እስከ መገናኛ በባቡር ሄድን፤ የየፌርማታውን ስም ከመስኮቱ አሻግራ ለራሷ እያነበበች ነበር። ከመገናኛ በታክሲ ቦሌ ወርደን፣ የሥራ ባልደረባዬ ከጠቆመችኝ አንድ ትልቅ የስልክ መደብር ገባን።

የተቀበለችን ሻጭ ዘኪያ የምትባል፣ ሻሽዋን በጥንቃቄ ያሰረች ሳቂታ ወጣት ናት። እናቴ ትልቅ ስልክ እንደምትፈልግ ስትነግራት ሁለት ስልኮች አውጥታ መስታወቱ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ሰማያዊ።

"ከእነዚህ የሚበልጥ ከፈለጉ፣ እማማ፣ ቴሌቪዥን ነው የምሸጥልዎት።"

"ቴሌቪዥንማ አለኝ" አለች እናቴ። "እሱ ደግሞ አይደውልም።"

ጥቁሩን በቀኝ እጇ፣ ሰማያዊውን በግራ እጇ ይዛ፣ ገበያ እንደቆመች ሁሉ ክብደታቸውን መዘነች። ጥቁሩ ስስ ነው፤ ምስሉም ጥርት ያለ ነው። ሰማያዊው ወፈር፣ ከበድ ይላል። ዘኪያ በሁለቱም ላይ የአበባ ሥዕል ከፈተችላት።

"አበባ ምን ያደርግልኛል? ሰው አሳዪኝ።"

"ሰውማ እዚሁ አለ" አለችና ዘኪያ ከጎኗ ቆማ ጥቁሩን ስልክ ከፍ አድርጋ አብራት ፎቶ ተነሣች። እናቴ መነጽሯን አውልቃ የራሷን ፊት ቀርባ ተመለከተች። ብዙ ቆየች።

"ይህ ሁሉ ሽበት መቼ መጣ? ሄርሞን፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅሽኝም፣ አደይ።"

"ሰው እስኪጠየቅ ይጠብቃል?"

ዘኪያ ሳቀች። እኔም ፈገግ ማለት ነበረብኝ፤ ፈገግም አልኩ።

"ባትሪውስ?" አለች እናቴ።

"ጥቁሩን ጠዋት ቢሞሉት ማታ እንደገና መሙላት አለብዎት። ሰማያዊው ሁለት ቀን ይቆያል።"

"መብራት ሳይኖርም?"

"መብራት ሳይኖርም፣ እማማ።"

"ሙቀትስ? ሲግል አይበላሽም?"

"አዲስ አበባ ምን ሙቀት አለ? ለዚህ አያስቡ።"

እናቴ ሰማያዊውን አንሥታ ወርዱን በስንዝሯ ለካችው። "ኪስ ይገባል?"

"በቦርሳ ይይዙታል እንጂ እርስዎ ምን ኪስ አለዎት?"

"የሱሪ ኪስ ነው የምልሽ።"

ዘኪያ ግር ብሏት ወደ እኔ አየች። እናቴ ግን ዞር ብላ፣ በሚቀጥለው መስታወት ጀርባ ወረቀት የሚያገላብጠውን የመደብሩን ባለቤት ጠራችው። ረጅም፣ ሰፋ ያለ ሰው ነው።

"ስምህ ማን ነው የኔ ልጅ?"

"ሙክታር እባላለሁ፣ እናቴ።"

"ና እስኪ፣ ሙክታር፣ ኪስህን አውሰኝ።"

ሙክታር እየሳቀ መጣ። ጥቁሩን በፊት ኪሱ ከተተ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ። ሰማያዊውን ከተተ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ። እናቴ እንደ ልብስ ሰፊ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታየው ነበር።

"ስትቀመጥ አይቆረቁርህም?"

"ትንሽ ይቆረቁራል። ግን ይለመዳል።"

"ቁመትህ ከልጄ እኩል ነው" አለችው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ከገባኝም በኋላ መጠየቅ ነበረብኝ።

"አደይ፣ ስልኩ ለማን ነው?"

"ለቂርቆስ ነዋ። ስክሪኑ ተሰበረ አላለም? የሚሠራው ሰው የለም አላለም?" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "በሰው ስልክ እየለመነ ይጽፋል እንዴ፣ ልጄ፣ እኔ እያለሁለት? አብዱልሰላም ሐሙስ ጁባ ይሄዳል፤ ይዞለት ይሄዳል። ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሎኛል።"

"ለአንቺስ?"

"እኔ ያንቺ ይበቃኛል። እሱ ትልቅ ከያዘ እኔም በደንብ አየዋለሁ።"

እንዲህ እንዳልሆነ፣ ትልቅ ስልክ የሚያስፈልገው ለሚያየው እንጂ ለሚታየው እንዳልሆነ ልነግራት እችል ነበር። "በምን ትገዥዋለሽ?" ብቻ አልኳት።

"ለቀኝ ዓይኔ ያስቀመጥኩት አለ። የቀኙ ይቆይ፤ በአንዱም እያየሁ ነው።"

ዘኪያን ይቅርታ ጠይቄ ወደ ውጭ ወጣሁ። አብዱልሰላም ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖር ነጋዴ ነው፤ በየወሩ ጁባ ይመላለሳል። የወንድሜን ሞት ለአጎቴ የነገረው እሱ ነው። ቀብሩ ላይም ቆሟል። ደወልኩለት።

"ስልክ አደርሳለሁ ብለህ ለእናቴ ቃል ገባህላት?"

"ደረጃ ላይ ያዘችኝ፣ ሄርሞን። ሐሙስ እንደምሄድ ባለቤቴ ሀጀር ነግራታለች። አልወስድም ልበላት? ምክንያቱን ብትጠይቀኝስ?"

"ስልኩን ምን ልታደርገው ነበር?"

"ወስጄ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው። አደረስኩ እላታለሁ፤ ለእናንተ አምጥቼ እሰጣችኋለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ…" አለ። አጠገቡ የልጆች ድምፅ ይሰማ ነበር። "ከዚያማ አሁን በቪዲዮ ይደውል ትላለች።"

"አዎ።"

"እኔ አላህን እፈራለሁ። ልጄ እንዴት ነው ስትለኝ አንድም ቀን ደህና ነው ብያት አላውቅም። በአላህ እጅ ነው እላታለሁ። እሷ ደግሞ ትመርቀኛለች። ምርቃቱ ነው የከበደኝ።"

አመስግኜው ዘጋሁ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። እሱ እሺ ያለው እኔ ለጻፍኩት ነው።

ስመለስ ሁለቱ ስልኮች ዘፈን እየተጫወተባቸው ነበር። የድምፃቸውን ጉልበት እየፈተኑ ነው።

"ዘፈን ምን ይነግረኛል?" አለች እናቴ። "የሰው ድምፅ ነው እንጂ። ሄርሞን፣ ያቺን የቂርቆስን ድምፅ ስጫት። 'ሄርሞንን አትዪ' ያለባትን።"

ያ ድምፅ በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ የላከው ነው። ከሞተ በኋላ አልከፈትኩትም ነበር፤ ሳልከፍተውም ልኬላት ልገላገል አስቤ ነበር። ዘኪያ በብሉቱዝ ተቀበለችኝ። መጀመሪያ በጥቁሩ አጫወተችው።

"አደይ፣ ነገ ዓይንሽን ሲከፍቱልሽ ቶሎ ብለሽ ሄርሞንን አትዪ፣ ትደነግጫለሽ። ጨፍነሽ ጠብቂኝ። መጀመሪያ የምታዪው መልከ መልካሙን ነው።"

መጨረሻ ላይ ሳቁ አለ። ዘኪያም ሳቀች፤ ሙክታርም ሳቀ።

"አሁን በሰማያዊው" አለች እናቴ።

በሰማያዊው ድምፁ ጎልቶ ወጣ። ከበስተ ጀርባው የሚያልፍ መኪናና የሱቁን የብረት በር የሚጎትት ሰው ይሰማል። ከመሳቁ በፊት የወሰደው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። እናቴ በእጇ መስታወቱን ተደግፋ፣ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠግታ ሰማችው። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመርኩ።

"ይኸኛው ነው" አለች እናቴ። "ባትሪው ይቆያል፤ ኪስ ይገባል። ድምፁንም አላሳነሰበትም።"

ዘኪያ ካርቶኑን አወጣች። መሙያውን፣ የጆሮ ማዳመጫውን እያሳየች አንድ በአንድ ከተተች። ከዚያ የጋራንቲውን ወረቀት ዘርግታ እስክሪብቶ አነሣች።

"በማን ስም ልጻፈው፣ እማማ?"

"በባለቤቱ ስም ነዋ። ቂርቆስ አረጋዊ በዪ።"

ዘኪያ "ቂርቆስ" ብላ ጻፈች። ጽሑፏ ያምራል። በዚያች ሳምንት የወንድሜ ስም በሁለት ወረቀቶች ላይ ተጽፎ አይቻለሁ፤ አንዱን አጎቴ በቦርሳቸው ይዘውታል፣ ከጁባ የመጣ ማኅተም አለበት። ዘኪያ የአባታችንን ስም ልትጨምር እስክሪብቶዋን ስታነሣ እጄን ወረቀቱ ላይ አኖርኩ።

"ተይው፣ ዘኪያ። ዛሬ አንገዛም።"

"አንገዛም?" አለች እናቴ።

"አንገዛም፣ አደይ።"

"ሰውየው እኮ ሐሙስ ይሄዳል።"

"አውቃለሁ።"

ዘኪያ አንዴ ፊቴን አየችኝ። ወረቀቱን ሳትቀደው አጠፈችና መሳቢያ ውስጥ አስገባችው፤ ከዚያ ካርቶኑን ወደ መደርደሪያው መለሰች።

እናቴ እስከ መገናኛ ድረስ አልተናገረችኝም። ባቡር ውስጥ አንድ ወጣት ተነሥቶ ቦታ ሰጣት፤ እኔ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። መነጽሯን አድርጋ ስለነበር ወዴት እንደምታይ አላውቅም።

"ለወንድምሽ ሰሰትሽ" አለች በመጨረሻ።

የባቡሩን መያዣ በሌላው እጄ ያዝኩ።

"ልጆች ሳላችሁ ከአፍሽ አውጥተሽ ታጎርሺው ነበር። አሁን ከደሞዝሽ አልጠየቅኩሽ፤ የራሴን ነው የምሰጠው። ዓይኔ ነው፤ ምንም ባደርገው አንቺን ምን አገባሽ? እሱ ቢሆን በአንቺ ላይ እንዲህ ያደርጋል? ንገሪኝ እስኪ። ያደርጋል?"

"አያደርግም" አልኩ።

"ታዲያ?"

አጠገቧ የተቀመጡት ሴት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እናቴ ጣቷን ከመነጽሩ ሥር አስገብታ የግራ ዓይኗን ልትጠርግ ስትል እጇን ያዝኩት።

"አትንኪው፣ አደይ። ሐኪሙ ከልክሎሻል።"

"ልቀቂኝ።"

ለቀቅኳት። እንባዋ ከመነጽሩ ሥር ወርዶ ጉንጯ ላይ ደረሰ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። መርዶውን ለስድስት ሳምንት ያቆየነው ይህ ዓይን እንዳያለቅስ ነበር። እያለቀሰ ነው፤ የሚያለቅሰውም በእኔ ስስት ነው። ቂርቆስ የሚገባውን እንባ እኔ ወስጄበታለሁ።

እስከ ኅዳር ሰባት ሃያ ቀናት ቀርተዋል። በእነዚያ ሃያ ቀናት ውስጥ ሦስት እሑዶች አሉ፤ ለሦስቱም እኔ መጻፍ አለብኝ። ሐሙስ ደግሞ አለ። እናቴ ያሰበችውን የምትተው ሰው አይደለችም፤ ነገ ብቻዋን ተመልሳ ሰማያዊውን ትገዛዋለች። ስልኩ ጁባ ደርሶ ይመለሳል፤ እሷም በአንድ ዓይኗ ተቀምጣ እስኪደወልላት ትጠብቃለች። ይህን ሁሉ ቆሜ አሰብኩ። እናቴ የየፌርማታውን ስም አላነበበችም።

ቤት ስንደርስ ምሳ አልፈልግም ብላ መኝታ ቤቷ ገባች። ቀና ብላ እንድትተኛ ሁለት ትራስ ደራርቤ ሰጠኋት፤ ተቀበለችኝ፣ አላየችኝም። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል አልተቀመጥኩም። ግቢው ውስጥ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ቆሜ አጎቴ ገብረኣብ ዘንድ ደወልኩ።

"ደህና ናችሁ?" አሉ። "ዓይኗ እንዴት ነው?"

"ያያል" አልኳቸው። "አጎቴ፣ ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ለቅዳሴ ሳትወጣ፣ ሰዎቹን ይዘው ይምጡ።"